ሦስቱ ስፕሪንግፊልዶችና የዘመናቸው ፋሽን

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በመኝታ ክፍላችን አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ በስልክ ላይ እያየን በሳቅ ልንሞት ነበር። ሁለት ወንዶች እንደ ባንክ ጸሐፊ ከረባታቸውን ጥብቅ አድርገው አስረው ጊታር ይዘዋል። በመካከላቸው አንዲት ሴት ወገቡ የጠበበ፣ ታቹ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቀሚስ ለብሳ ቆማለች። የጠጉሯ ነገርማ አይነሣ! አንዷ ጓደኛችን «ይቺ ሴትዮ ጠጉሯ ውስጥ ምሳዋን ሳትደብቅ አትቀርም» ስትል እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ዘፈኑን ከፍተን ከሰማን በኋላ ግን ሌላዋ ጓደኛችን ኮስተር ብላ «ይኸ እኮ የአሜሪካ ገበሬዎች ዘፈን ነው። እንግሊዞቹ ሰርቀው ነው የዘፈኑት» አለች። በዚህ የተነሣ እስከ እራት ድረስ ተከራከርን። ነገ ክፍል ገብተን ልጆችን መዝሙር የምናስተምር ሰዎች ነንና፣ ዘፈን የማን ነው? የሚለው ጥያቄ እኛንም ይነካል ብዬ ያነበብኩትን ለመጻፍ ተነሣሁ። (ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቡድኑ «ዘ ስፕሪንግፊልድስ» ይባላል። የተቋቋመው በ1960 በእንግሊዝ አገር ነው። አባሎቹም ወንድምና እህት የሆኑት ዲዮን እና ሜሪ ኦብራየን፣ እንዲሁም ቲም ፊልድ ነበሩ። በጸደይ ወራት መስክ ላይ ተቀምጠው ሲለማመዱ ስሙን አወጡት ይባላል፤ ስፕሪንግ ጸደይ፣ ፊልድ መስክ ማለት ነውና። ወንድምየው ቶም ስፕሪንግፊልድ፣ እህትየዋ ደስቲ ስፕሪንግፊልድ ተባሉ። ደስቲ በ1939 ለንደን ውስጥ ተወልዳ በካቶሊክ መነኮሳት ትምህርት ቤት የተማረች፣ መነጽር የምታደርግ ዓይነ አፋር ልጅ ነበረች።

ለመሆኑ «ፖፕ-ፎክ» ምን ማለት ነው? ፎክ የሚባለው ደራሲው የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ስንኝ የሚጨመርበትና የሚቀነስበት የሕዝብ ዘፈን ነው። ዘፋኙ ሲፈልግ ሩብ ሰዓት ሊዘፍነው ይችላል። ፖፕ ደግሞ ለሸክላና ለሬዲዮ የተሠራ ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ አዝማቹም ቶሎ ቶሎ ይመለሳል። ስለዚህ ፖፕ-ፎክ የሚዘፍኑት የሕዝቡን ዜማ ይወስዱና ያሳጥሩታል፤ ከዚያም በሁለትና በሦስት ድምፅ አስማምተው ያቀርቡታል። ስፕሪንግፊልዶች በዚህ የተዋጣላቸው ነበሩ፤ የደስቲ ድምፅ ከላይ፣ የወንዶቹ ከታች ሆኖ አንድ ላይ ሲፈስ ደስ ይላል። አንዳንዱ ዘፈናቸው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስኳር በዝቶበታል።

ከሌላ አገር መበደሩንም እነሱ አልጀመሩትም። በ1956 ሎኒ ዶኔጋን የተባለ ዘፋኝ «ሮክ አይላንድ ላይን» በተባለው ዘፈን እንግሊዝን አነቃንቋት ነበር። ይህ ዘፈን በ1930ዎቹ በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት ከጥቁር እስረኞች አፍ የተቀዳ ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘብ የሌለው የእንግሊዝ ወጣት ሁሉ ርካሽ ጊታር ገዛ። ልብስ ማጠቢያ ሰሌዳውን በጣቱ እየፋቀ ምት አወጣበት፤ ከሻይ ማሸጊያ ሣጥንና ከዱላ ላይ ሲባጎ ወጥሮም ቤዝ ሠራ። (መሣሪያ የለም እያልን ለምናማርር የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ይኸ መልካም ዘዴ ይመስለኛል።)

ያ የሳቅንበት ሰፊ ቀሚስም ታሪክ አለው። በጦርነቱ ምክንያት በእንግሊዝ አገር ልብስ ከ1941 እስከ 1949 ድረስ የሚገዛው በራሽን ነበር። የፓሪሱ ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ብዙ ሜትር ጨርቅ የሚፈጅ ሰፊ ጉርድ ሲያወጣ፣ ጨርቅ የተራቡት ሴቶች እንደ ጉድ ተመኙት። በ1950ዎቹ ውስጥ ያ ቅርጽ ወደ ተራው ወጣት ወረደ፤ ከሥሩ ስታርች የተደረገ የውስጥ ቀሚስ እየተደራረበ እንዲቆም ተደረገ። ስለዚህ ለእኛ ቀልድ የሚመስለው ቀሚስ ለእነሱ የራሽን ዘመን ማለፉን የሚናገር ነበር ማለት ነው።

ስፕሪንግፊልዶች በ1962 «ሲልቨር ትሬድስ ኤንድ ጎልደን ኒድልስ» የተባለውን ዘፈን አሜሪካ ውስጥ እስከ 20ኛ ደረጃ አደረሱት። ቢትልሶች አሜሪካ ከመግባታቸው አንድ ዓመት ተኩል ያህል በፊት መሆኑ ነው። ጓደኛችን «የገበሬ ዘፈን» ያለችው ይህንኑ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ተሳስታለች፤ ዘፈኑ ጃክ ሮድስና ዲክ ሬይኖልድስ የተባሉ ደራሲዎች ያሉት ሲሆን ዋንዳ ጃክሰን በ1956 ቀድማ ዘፍናዋለች። ደራሲው ለሚታወቅ ዘፈን በየሸክላው ክፍያ ይታሰባል። ደራሲው ያልታወቀ ሲሆን ግን ያቀናበረው ሰው በራሱ ስም ያስመዘግበዋል፤ መጀመሪያ ያፈለቁት ሰዎች ምንም አይደርሳቸውም። የስርቆቱ ጥያቄ መነሣት ያለበት እዚህ ጋ ይመስለኛል።

በዚያው ዓመት ቲም ፊልድ ወጥቶ ማይክ ኸርስት ገባ። ቡድኑም ዘፈን ለመቅዳት የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ዋና ከተማ ወደሆነችው ናሽቪል ተጓዘ። እንግሊዞች የአሜሪካን ዘፈን ለአሜሪካኖች ሊዘፍኑ ሄዱ! ደስቲ በመንገዷ ኒውዮርክ ላይ ሳለች «ቴል ሂም» የተባለውን ዘፈን ሰማች። የዘፈኑት ኤክሳይተርስ የሚባሉ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ልቧ ከባንጆና ከጊታር ሸፈተ። ቡድኑ በ1963 ሁለት ዘፈኖችን በእንግሊዝ 5ኛ ደረጃ ላይ ካደረሰ በኋላ በዚያው ዓመት በልግ ተበተነ። እርሷ ግን ብዙም አልቆየች፤ በኅዳር ወር ብቻዋን የዘፈነችውን ሸክላ አወጣች።

ያ ትልቅ ጠጉርም የበለጠ የገነነው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙ «ቢሃይቭ» ይባላል፤ የንብ ቀፎ ማለት ነው። ያወጣችው ማርጋሬት ሄልት የተባለች የቺካጎ ጠጉር ሠሪ ስትሆን ዓመቱም 1960 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጠጉሩ ከጫፍ ወደ ሥር እየተገፋ ይበጠራል፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎም ይቆማል። የላዩ ብቻ ለስላሳ ሆኖ ይለበጥና የሚያደርቅ ርጭት ይረጭበታል። ደስቲ በዚህ ላይ ዓይኗን በወፍራም ኩል ትቀባ ነበር። ያቺን ባለመነጽር ልጅ ማንም አላያትም፤ ሁሉም ያየው ደስቲን ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። ደስቲ በታኅሣሥ 1964 ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትሄድ፣ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አልዘፍንም ብላ በውሏ ውስጥ አጽፋ ነበር። ኬፕታውን አካባቢ ለተደባለቀ ተመልካች ስለዘፈነች የአፓርታይዱ መንግሥት ከአገር አስወጣት። በ1965 ደግሞ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን እነ ሱፕሪምስን፣ እነ ቴምፕቴሽንስንና ስቲቪ ወንደርን በአንድ ልዩ ዝግጅት ሲያቀርብ አስተዋዋቂዋ እርሷ ነበረች። ዜማና ስልት የወሰደችባቸውን ሰዎች በስማቸው ጠርታ ወደ መድረኩ አወጣቻቸው ማለት ነው። ይህን ሳነብ ቅዳሜ ዕለት በመሳቄ ትንሽ አፈርኩ።

ወንድሟ ቶም ደግሞ ዘ ሲከርስ ለተባሉት አውስትራሊያውያን ዘፈን ጻፈ። በ1965 በእንግሊዝ አንደኛ የወጣው «ዘ ካርኒቫል ኢዝ ኦቨር» ዜማው ስለ ስቴንካ ራዚን ከሚዘፈን የሩሲያ ዘፈን የተወሰደ ነው። ቶም በውትድርና አገልግሎቱ ሩሲያኛ ተምሮ ነበርና!

በነዚያው ዓመታት ሰፊው ጉርድ ጠፍቶ የሜሪ ኳንት ሚኒ ዓለምን ያዘ። አዲስ አበባም አልቀረላትም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ሲቀርብ ተማሪዎች «ይህ ለድሃ አገር የማይበጅ የባዕድ ባህል ነው» በሚል ተቃውሞ አነሡ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ የተማሪ መሪዎችም ታሰሩ። በአንድ ጉርድ ርዝመት ዩኒቨርሲቲ ሊዘጋ ይችላል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ቲም ፊልድ በኋላ ረሻድ ተብሎ የሱፊ መንገድ ጸሐፊ ሆነ። ማይክ ኸርስት የካት ስቲቨንስን የመጀመሪያ ሸክላዎች ሠራ። ደስቲ በመጋቢት 1999፣ ቶም በ2022 ዐረፉ።

ይህን ጽፌ ለዚያች ጓደኛችን ቀድሜ አስነበብኳት። የደቡብ አፍሪካውን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበበችና «እሺ፣ ለእሷ ይቅር ብያለሁ» አለች። ቀጥላም «የአርካንሶዎቹ እስረኞች ግን ምን አገኙ?» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ።