ስለ ሁለት የግራፊክስ ካርዶች ችሎታ፤ በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ ላሉ ተማሪዎች የቀረበ ንጽጽር

ሮብ ገበያ በስናን ወረዳ፥ በጮቄ ተራራ ደጋ የምትገኝ፥ ስሟንም ከረቡዕ ገበያዋ ያገኘች ከተማ ናት። የአገሩ ገበሬ ገብሱን ሊወቃ ሲነሣ ስለ ሁለት ነገር ያስባል፤ ይኸውም ስለ በሬዎቹ ብዛትና ስለ ዐውድማው ስፋት ነው። በሬው በዝቶ ዐውድማው የጠበበ እንደሆነ፥ ነዶው ከክምሩ በጥቂት በጥቂቱ እስኪወርድ ድረስ በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። ዐውድማው ሰፍቶ በሬው ያነሰ እንደሆነ ግን ሥራው ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ከዚህ በታች የምናነጻጽራቸው ሁለት የግራፊክስ ካርዶች የሚለያዩት በዚሁ ነው።

የግራፊክስ ካርድ በመጀመሪያ የተሠራው ሥዕልን በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ለማሳየት ነው። በስክሪኑ ላይ ያሉት ነጥቦች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ስለሆኑ፥ የያንዳንዱን ቀለም በየተራ ከማስላት ብዙውን ባንድ ጊዜ ለማስላት እንዲቻል፥ በሺሕ የሚቈጠሩ ትናንሽ የስሌት ክፍሎች ተደረጉለት። ይህ ጠባዩ ዛሬ ከሥዕል አልፎ፥ ኮምፒዩተር ፊደል እንዲለይና ጽሑፍ እንዲተረጕም ለማስተማር ዋና መሣሪያ አድርጎታል። እኛም ካርዶቹን የምንመዝናቸው በዚህ በኩል ነው፤ ጨዋታውን ለተጫዋቾች እንተወዋለን።

ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. «አር ቲ ኤክስ 3060 ቲ አይ» የተባለውን ካርድ፥ በዚያው ዓመት በየካቲት ደግሞ «አር ቲ ኤክስ 3060»ን ለሽያጭ አወጣ። የመጀመሪያ ዋጋቸው ለቲ አይ 399፥ ለ3060 ደግሞ 329 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ቲ አይ 4,864 የስሌት ክፍሎች ሲኖሩት የ3060 ግን 3,584 ናቸው። በሴኮንድ የሚሠሩት ስሌት፥ በንድፈ ሐሳብ ሲታይ፥ 16.2 ትሪሊዮንና 12.7 ትሪሊዮን ያህል ነው። ከገዛ ማኅደረ ትውስታቸው በሴኮንድ የሚያነቡትም 448 እና 360 ጊጋባይት ነው። እንግዲህ በፍጥነት ረገድ ቲ አይ ሩብ ያህል ይበልጣል።

በማኅደረ ትውስታው ስፋት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ውዱ ካርድ 8 ጊጋባይት፥ ርካሹ 12 ጊጋባይት ይዟል። ምክንያቱ በአሠራሩ ላይ ነው። የቲ አይ የመረጃ መንገድ 256 ቢት ስፋት አለው፤ አንዱ የማኅደረ ትውስታ ቺፕ 32 ቢት ስለሚይዝ ስምንት ቺፖች ይገጠሙበታል፤ እያንዳንዱም አንድ ጊጋባይት ነው። የ3060 መንገድ ግን 192 ቢት ስለሆነ የሚቀበለው ስድስት ቺፕ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርጫው ወይ ባለ አንድ ጊጋባይት ቺፕ አድርጎ 6 ጊጋባይት፥ ወይም ባለ ሁለት አድርጎ 12 ጊጋባይት ነበር፤ የተመረጠውም 12 ሆነ። መንገዱ በጠበበው ካርድ ላይ ዐውድማው የሰፋው በዚህ ሳቢያ ነው።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን እንደሚያስከትል ከራሳችን ፊደል እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019) ብርሃኑ በላይና የሥራ ጓደኞቹ 337,337 የአማርኛ የጽሑፍ መስመሮች ሥዕል ያሉበትን ስብስብ አቅርበዋል። ከነዚህ ውስጥ 40,929 ከታተመ ጽሑፍ የተወሰዱ፥ የቀሩት በኮምፒዩተር የተዘጋጁ ናቸው። አንዱ ሥዕል በቁመት 48፥ በወርድ 128 ነጥብ ነው፤ ይህም 6,144 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱን ነጥብ በአንድ ባይት ብናስቀምጠው ጠቅላላው ከ2 ቢሊዮን ባይት ጥቂት ይበልጣል። ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው እያንዳንዱን በ4 ባይት ቍጥር ብናስቀምጠው ግን 8.29 ቢሊዮን ባይት ይደርሳል። የቲ አይ ማኅደረ ትውስታ በሙሉ 8.59 ቢሊዮን ባይት ነው። የሚተርፈው 0.3 ቢሊዮን ብቻ ሲሆን፥ የሚሠለጥነው ፕሮግራምና የስሌቱ መካከለኛ ውጤቶች በዚህ ላይ ሊሰፍሩ አይችሉም። በ3060 ላይ ግን 4.6 ቢሊዮን ባይት ያህል ይተርፋል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ቲ አይን መናቅ ችኰላ ነው። ጠንቃቃ ተማሪ ሥዕሎቹን በአንድ አንድ ባይት እንዳሉ አስቀምጦ፥ ተራ የደረሳቸውን ብቻ ወደ 4 ባይት ሊለውጥ ይችላል። እንዲህ ከተደረገ ስብስቡ በሁለቱም ካርዶች ላይ ይሰፍራል፤ ፈጣኑም ቲ አይ ይሆናል። ፊደል ለመለየት ብቻ የሚገዛ ሰው ለቲ አይ ቢከፍል ገንዘቡን አላባከነም።

ጥበብ የማያድነው ግን ትልቅ የቋንቋ ፕሮግራም ሲመጣ ነው። 8 ቢሊዮን ቍጥሮች ያሉት ፕሮግራም እያንዳንዱ ቍጥር በአንድ ባይት ቢያዝ 8 ቢሊዮን ባይት ይፈልጋል፤ ይህን 3060 በሰፊው ሲቀበለው ቲ አይ ግን ይታነቃል። ቍጥሮቹን በግማሽ ባይት ማጥበብ ይቻላል፤ ያን ጊዜ በሁለቱም ይሠራል፥ የመልሱ ጥራት ግን ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ከካርዱ የተረፈው መረጃ ወደ ኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ቢመለስ ደግሞ የሚያልፍበት መንገድ በሴኮንድ 32 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ የዚህ ግማሽ ነው። በካርዱ ውስጥ ካለው 360 ወይም 448 ጋር ሲተያይ፥ ነዶን ከሩቅ ክምር በትከሻ እንደማመላለስ ያለ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ፕሮግራሙ ቦታ አነሰኝ ብሎ ወዲያው ይቆማል።

ስለ መብራትም ጥቂት እንበል። 3060 እስከ 170 ዋት፥ ቲ አይ እስከ 200 ዋት ይወስዳሉ። ሁለተኛው ይበልጥ ይበላል ቢባልም፥ በ3060 አሥር ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በቲ አይ በስምንት ሰዓት ያህል ቢያልቅ ፍጆታቸው 1.7 እና 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚሆን በሒሳቡ ላይ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ በሌላ በኩል ነው። ኩባንያው ለ3060 የ550፥ ለቲ አይ የ600 ዋት የኀይል ማከፋፈያ ይመክራል፤ ከቢሮ የወጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ግማሽ ያህል እንኳ አይዙም። ከካርዱ ዋጋ ላይ የማከፋፈያውን ዋጋ ሳይጨምር የሚያስብ ሰው አጉል ይሆናል። መብራት በሚቋረጥበት ስፍራም ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየግማሽ ሰዓቱ በዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ያስፈልጋል።

በእኛ አስተያየት፥ ጥቂት ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ ካርድ በጋራ የሚገዙ ከሆነ 3060 ይሻላቸዋል፤ የእያንዳንዳቸው ሥራ የተለያየ ስለሚሆን የማይሰፍር ሥራ እንዳያጋጥማቸው ስፋቱ ይጠቅማል። ሲገዙ ግን በስሙ ብቻ እንዳይታለሉ። በ2015 ዓ.ም. ኩባንያው በዚያው በ3060 ስም 8 ጊጋባይት ብቻ ያለው፥ በሴኮንድም 240 ጊጋባይት የሚያነብ ሌላ ካርድ አውጥቷል፤ ይህ ስፋቱንም ፍጥነቱንም ያጣ ነው። ደግሞም ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መመረቱ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ስለ ቀረ፥ ለዚያ ሥራ ሌት ተቀን ሲነዱ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥተዋል። ሻጩ ካርዱን በኮምፒዩተር ላይ አስገጥሞ ያሳይ፤ ማራገቢያው ሲሽከረከር ይደመጥ፤ የኩባንያው መቈጣጠሪያ ፕሮግራም ሲከፈትም የማኅደረ ትውስታው ልክ 12,288 ሜጋባይት ተብሎ መጻፉ ይታይ። 8,192 የሚል ከሆነ ካርዱ ሌላው ነው።