ከቆዳ በታች ያለው ጠባሳ፦ በቀዶ ጥገና የማዋለድ ስልቶች ሲነጻጸሩ

በተለምዶ ኦፕራሲዮን የሚባለው በቀዶ ጥገና የማዋለድ ሥራ ለተመልካች አንድ ወጥ ቢመስልም፣ ሐኪሙ የሆድን ቆዳ ከከፈተበት ጊዜ አንሥቶ መልሶ እስኪዘጋው ድረስ በየደረጃው ምርጫ ማድረግ ይኖርበታል፤ ቆዳው በቁመት ይከፈት ወይስ በአግድም፣ ከሥሩ ያለው አካል በምላጭ ይቆረጥ ወይስ በጣት ይላቀቅ፣ ማሕፀኑስ በአንድ ረድፍ ይሰፋ ወይስ በሁለት የሚሉት ጥያቄዎች ባለሙያዎችን ለረጅም ዘመን ሲያከራክሩ ኖረዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን በእናቲቱ ቀጣይ እርግዝና ላይ ከፍተኛውን ተጽዕኖ የሚያሳድረው ማሕፀኑ የተከፈተበት ቦታና አቅጣጫ ነው።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ድረስ ሐኪሞች የማሕፀን ጡንቻ በራሱ ተኮማትሮ ይዘጋል በሚል እምነት ሆዱን ብቻ ሰፍተው ማሕፀኑን ሳይሰፉ ይተዉት ስለነበር፣ ብዙ እናቶች በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ጣሊያናዊው ኤድዋርዶ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1876 ሕፃኑን ካወጣ በኋላ ማሕፀኑን ቆርጦ በማስወገድ እናቲቱን አተረፈ፤ በዚህ መንገድ የዳነች ሴት ግን ዳግመኛ ልትወልድ አትችልም። ጀርመናዊው ማክስ ዜንገር በ1882 የማሕፀኑን ግድግዳ አስተካክሎ መስፋት የሚያስገኘውን ጥቅም ካስረዳ ወዲህ ነው ቀዶ ጥገናው እናትንም ማሕፀንንም ማትረፍ የቻለው።

ሆኖም በዚያ ዘመን ማሕፀኑ የሚከፈተው ክላሲካል በሚባለው ስልት፣ ማለትም በላይኛው ክፍሉ ላይ በቁመት ነበር። ይህ ክፍል ወፍራም ጡንቻ ከመሆኑም በላይ በምጥ ጊዜ በብርቱ የሚኮማተረው እሱ ስለሆነ፣ ጠባሳው በቀጣዩ ምጥ ሊተረተር ይችላል። በግላስጎው ይሠራ የነበረው ጆን መንሮ ከር በ1920ዎቹ አጥብቆ የተሟገተለት ስልት ደግሞ ከሽንት ፊኛ ጀርባ ያለውን ቀጭኑን የታችኛውን ክፍል በአግድም መክፈት ነው፤ በዚህ ቦታ የሚፈሰው ደም ያነሰ፣ ስፌቱም የተሻለ የሚይዝ ሆኖ ተገኝቷል። ክላሲካል ጠባሳ ያላት ሴት በቀጣዩ ምጥ ማሕፀኗ የመቀደድ ዕድሉ ከመቶ ከ4 እስከ 9 እንደሚደርስ ሲገመት፣ በታችኛው ክፍል በአግድም ለተከፈተችው ግን ከመቶ 1 አይሞላም። በመሆኑም የቁመቱ ስልት ዛሬ የሚመረጠው የታችኛው ክፍል ገና ሳይፈጠር ያለ ጊዜው ለሚወለድ ሕፃን፣ ወይም የእንግዴ ልጅ አለዚያም የማሕፀን ዕጢ መንገዱን ለዘጋበት ሁኔታ ነው።

የሆድ ቆዳን በተመለከተ፣ ኸርማን ፋነንሽቲል በ1900 ያስተዋወቀው ከብልት አጥንት ከፍ ብሎ ጎበጥ ያለ አግድም መክፈቻ ከእምብርት ወደ ታች ከሚወርደው ይልቅ ለመዳንም ለመልክም የተሻለ በመሆኑ በሰፊው ተለምዷል። በእየሩሳሌም ሚስጋቭ ላዳክ ሆስፒታል ማይክል ስታርክ ያዳበረው ስልት ደግሞ፣ ጆኤል ኮኸን ለማሕፀን ማውጣት ከነደፈው ቀጥ ያለ መክፈቻ ተነሥቶ፣ ቆዳው ከተከፈተ በኋላ ከስር ያሉትን ሽፋኖች በትንሹ በምላጭ ከፍቶ ቀሪውን በጣት ይዘረጋዋል፤ የደም ሥሮች ስለማይቆረጡና ገለል ስለሚሉ የሚፈሰው ደም ይቀንሳል። ፔሪቶኒየም የተባለው የሆድ ዕቃ ስስ ሽፋንም በራሱ ስለሚድን አይሰፋም። የተለያዩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ይህ ስልት ከፋነንሽቲል ይልቅ ጊዜ የሚቆጥብ፣ ሕመሙና ትኩሳቱም ያነሰ ነው።

ከማሕፀኑ አከፋፈት በቀር ያለው የስልቶች ክርክር ግን ከሚገባው በላይ የተጋነነ ይመስላል። ኮሮኒስ የተባለውና ውጤቱ በ2013 የታተመው ጥናት፣ ኬንያን፣ ጋናንና ሱዳንን ጨምሮ በ7 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን አሳትፎ በጣት ማላቀቅን ከምላጭ፣ አንድ ረድፍ ስፌትን ከሁለት፣ ፔሪቶኒየምን መስፋትን ካለመስፋት ሲያነጻጽር፣ በእናቶች ጤና ላይ ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም፤ ከ3 ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትልም መደምደሚያው አልተለወጠም። ስለዚህ ሐኪሙ በደንብ የሠለጠነበትን ስልት መከተሉ በወረቀት ላይ የተሻለ የሚመስለውን ከመቀያየር ይበልጣል ማለት ይቻላል።

ይህ ነጥብ በኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ጥገና የተወለዱ ሕፃናት በአገር ደረጃ ከመቶ 2፣ በአዲስ አበባ ግን ከመቶ 20 በላይ ነበሩ፤ ከከተማ ርቀው ያሉ እናቶችን ለመድረስም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ለአስቸኳይ ቀዶ ጥገና እየሠለጠኑ ነው። በዚህ ሁኔታ እናቲቱ ከሆስፒታል ስትወጣ የሚሰጣት ወረቀት የማሕፀኑን አከፋፈት መግለጹ ግዴታ ሊሆን ይገባል፤ በሆድ ላይ አግድም ጠባሳ ያላት ሴት ማሕፀኗ በቁመት ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አዋላጇ ቆዳውን አይታ ብቻ መፍረድ አትችልም። ማሕፀኗ በክላሲካል ስልት የተከፈተች እናት ደግሞ ምጥ እንድትጠብቅ አይመከርም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ36ኛው እስከ 37ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ በቀጠሮ ዳግመኛ በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ይደረጋል።