ከመወልወያው እስከ ዙፋኑ

በቪዲዮ ካሴት ዘመን በፒያሳ ጓሮ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ አግዳሚ ላይ ተፋፍጎ ፊልም ያየ የአራዳ ልጅ፣ አንድ አፍሪካዊ አልጋ ወራሽ በኒውዮርክ ሀምበርገር ቤት መወልወያ ይዞ ወለል ሲያጸዳ ሳያይ አላደገም። እንግሊዝኛው ለብዙዎቻችን አይገባንም ነበር። ሆኖም ወለል መወልወል አስተርጓሚ አያሻውምና ሳቁ አላመለጠንም። ፊልሙ በሰኔ 1980 ዓ.ም. የወጣው፣ ጆን ላንዲስ ያዘጋጀውና ኤዲ መርፊ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተበት «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ነው። ተከታዩ ክፍል በክሬግ ብሩወር አዘጋጅነት በየካቲት 2013 ዓ.ም. ወጥቷል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያህል ነውን? ብለን ስንጠይቅ ሳቁን ለመቁጠር አይደለም። የምንጠይቀው የሚሳቀው በማን ላይ ነው ብለን ነው።

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባል በነበረበት አገር፣ ንጉሥ ሊከሰስ የሚችልበት አንድ ችሎት ቢኖር ምፀታዊ ኮሜዲ ነበር። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተሰኘውን ተውኔታቸውን በዚሁ በአዲስ አበባ ሲያሳዩ፣ መድረኩን የያዙት አውሬዎች ነበሩ፤ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን ያዩት ግን ሹማምንቱ ናቸው። ንግሥት ዘውዲቱም ተውኔቱን አገዱት። ዘመናዊ ቲያትራችን ገና ከጅምሩ ያገኘው ሽልማት እገዳ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚህ ታሪክ አንድ ሚዛን እንወስዳለን፤ ይኸውም በቤተ መንግሥት ላይ የተሠራ ኮሜዲ የቤተ መንግሥቱን እንቅልፍ ምን ያህል ይነሳል? የሚለው ነው።

በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው ፊልም ቀላል የማይባል ክብደት አለው። አኪም፣ ዛሙንዳ የተባለች የፈጠራ አገር ልዑል፣ ሲራመድ አበባ የሚነሰንሱለት፣ ሲነቃ ገላውን የሚያጥቡት ሎሌዎች አሉት። የታጨችለት ልጃገረድ ከተወለደች ጀምሮ እርሱን ለማስደሰት ብቻ የሠለጠነች ናት። ምን እንደምትወድ ሲጠይቃት እርሱ የሚወደውን እንደምትወድ ትመልስለታለች። በአንድ እግሯ እየዘለለች እንደ ውሻ እንድትጮህ ሲያዝዛት ያለ አንዳች ማመንታት ትጮኻለች። ተመልካች ይስቃል፤ ወዲያው ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ያየው ነገር የአንዲት ልጅ ሞኝነት ሳይሆን ሰውን እንዲህ አድርጎ የሚቀርጽ ሥርዓት ነው።

አኪም ይህን ሸሽቶ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ይወርዳል። በክሊዮ ማክዳውል ምግብ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠርና የአሠሪውን ልጅ ሊሳን ይወዳል። ጆን አሞስ የተጫወተው ይህ ማክዳውል የፊልሙ ትልቅ ግኝት ነው እንላለን። የታላቁን ኩባንያ ምልክት በጥቂቱ ለውጦ የሚሠራ፣ ላይ ላዩን የሚያንጋጥጥ ንዑስ ከበርቴ ነው። መወልወያ የያዘው ወጣት ልጁን እንዳይቀርብ ያባርራል፤ የፀጉር ቅባት ነጋዴ ልጅ ለሆነው ሰነፍ ሊድራት ይቋምጣል። ያ ጽዳት ሠራተኛ ልዑል መሆኑን ባወቀ ጊዜ ግን ወገቡ እንደ ሸንበቆ ይታጠፋል። ሰውየው ያው ነው፣ ጠባዩም ያው ነው፤ የተለወጠው ኪሱ ብቻ ነው። በየቀበሌያችን እንዲህ ያለ ሰው የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!

እርግጥ ነው፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ዘውዱን ከነክብሩ አስቀምጦ ይሰናበታል፤ ሊሳም በሠረገላ ትገባለች። ዘውድን በ1967 ዓ.ም. የሸኘ ሕዝብ ይህን ፍጻሜ በፈገግታ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ለነገሩ ከፊልሙ ውጭ የተሠራው ኮሜዲ ከፊልሙ አይተናነስም፦ ታዋቂው ጸሐፊ አርት ቡችዋልድ ሐሳቡ የእኔ ነው ብሎ ፓራማውንት የተባለውን ፊልም ሠሪ ኩባንያ ከስሶ በ1982 ዓ.ም. ተፈረደለት። ድርሻው ሊከፈለው ሲል ግን፣ በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ፊልም በኩባንያው ሒሳብ መዝገብ ላይ አንድም የተጣራ ትርፍ እንደሌለው ተነገረው። ስለ ትርፍና ስለ ላብ ትምህርት የሚሰጥ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ወደ ተከታዩ እንምጣ። አኪም ነግሦአል፤ ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ የአገሩ ሕግ ግን ዙፋኑን ለወንድ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ሳያውቅ የወለደውን ላቬል የተባለ ወጣት ፍለጋ ወደ ኩዊንስ ይመለሳል። ላቬል ሥራ ፍለጋ አንድ ትልቅ ድርጅት ሄዶ፣ ቦታውን ከአያቱ በወረሰ ጎልማሳ የተጠየቀበት ትዕይንት የፊልሙ ምርጥ ክፍል ነው። ወራሹ ድሀውን ስለ ትጋት ይጠይቀዋል! ላቬልም ይህንኑ ፊት ለፊት ይነግረውና ወጥቶ ይሄዳል። እዚህ ላይ ዋናው መንፈስ የተመለሰ መስሎን ተስፋ አድርገን ነበር። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን ያው ወጣት በአባቱ ደም ብቻ የአንድ አገር ዙፋን ይቀርብለታል፤ ከደራሲዎቹም ይህን ተቃርኖ ልብ ያለ የለም።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ቤተ መንግሥት ገብቶ በሩን ይዘጋል። ሩት ካርተር የነደፈቻቸው አልባሳት ዓይን ይማርካሉ፤ ዘፈኑና ጭፈራው ይደምቃል፤ መወልወያ የያዘ ሰው ግን የለም። ያቺ በአንድ እግሯ ትዘልል የነበረች እጮኛ እንኳ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እየዘለለችና እየጮኸች ትታያለች። በመጀመሪያው ፊልም የተሳቀው ባዘዛት ሥርዓት ላይ ነበር፤ በሁለተኛው በተሰበረችው ሴት ላይ ነው። በፀጉር ቤቱም ሽማግሌዎቹ አኪምን ሲቀበሉ ረሀብንና ዝንብ የወረራቸውን ሕፃናት እየጠሩ ይቀልዳሉ። ቀልዱ በሽማግሌዎቹ አላዋቂነት ላይ መሆኑ ይገባናል። ነገር ግን የ1977ን ድርቅ በሚያስታውስ ቤት ውስጥ እንደሌላው ቤት አይሳቅበትም። የሴት ልጅ ወራሽነትም ቢሆን በመጨረሻ የሚፈቀደው በንጉሡ በጎ ፈቃድ ነው፤ የዛሙንዳ ሕዝብ ምን እንደሚል በሁለቱም ፊልሞች የጠየቀው የለም።

ተክለ ሐዋርያት አውሬዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ተገድደዋል። ሁለተኛውን «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ግን የዛሙንዳ ቤተ መንግሥት ራሱ ለእንግዶቹ ቢያሳየው የሚያፍርበት ነገር የለውም።

አንድ ትዕይንት ግን ሳናነሳ ብናልፍ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ያረፈው ጀምስ ኧርል ጆንስ የተጫወተው ሽማግሌው ንጉሥ፣ ውዳሴው በጆሮው እንዲደርሰው በሕይወት ሳለ የቀብር ሥነ ሥርዓቱን ያስደርጋል። ዘፋኞች ይዘፍናሉ፤ ተናጋሪው ያወድሰዋል፤ እርሱም ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ሁሉን ሰምቶ፣ እዚያው ይሞታል። የቁም ተዝካር አውጥቶ የበላ ባለጸጋ ያየ የአራዳ ሽማግሌ ይህን ትዕይንት ያለ አስተርጓሚ ይስቅበታል።