ኪኒኑ አልሠራ ሲል

«ሲስተር፣ ይህ የደም ካንሰር ለልጅ ልጆቼ ይተላለፍ ይሆን?» ጡረታ ወጥቼ ዘመሮ ከገባሁ በኋላ አንዲት አያት ደጄ ድረስ መጥተው የጠየቁኝ ይህን ነበር።

ገበሬ ልጃቸው ሰውነቱ ከስቶ፣ ሌሊት እያላበው፣ በግራ ጎኑ ያበጠው ጣፊያ ምግብ እየከለከለው ወራት አሳልፏል። ደብረ ብርሃን ሲመረመር ነጭ የደም ሴሎቹ ከልክ በላይ በዝተው ተገኙ። አዲስ አበባ ሲደርስ ሕመሙ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ መሆኑ ታወቀ።

«አይተላለፍም እማማ» አልኳቸው። ስህተቱ የሚፈጠረው ሰው ከተወለደ በኋላ፣ መቅኔ ውስጥ ባለ አንድ ሴል ላይ ነው። 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ያጠረውን ክሮሞዞም ኖዌልና ሀንገርፎርድ በፈረንጆች 1960 ፊላደልፊያ ላይ አዩት፤ ልውውጡን ደግሞ ጃኔት ራውሊ በ1973 አሳወቀች። ከዚህ የሚወጣው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ጂን ሴሉን ያለ ፋታ እንዲራባ ያደርገዋል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኢማቲኒብ (ግሊቬክ) ይህንኑ ይገታል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም በማክስ ፋውንዴሽን በኩል ለታማሚዎች በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል።

ልጁ ድኖ እርሻው ላይ ተመለሰ። ከጊዜ በኋላ ግን ነጭ ሴሎቹ እንደገና አሻቀቡ። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ኪኒን አቋርጠሃል?» የሚል ነበር። እውነትም በሁዳዴ ጾም፣ ኪኒኑ ከምግብ ጋር ስለሚወሰድ፣ ተሽሎኛል ብሎ ትቶት ኖሯል። ሰዓቱ ከጾም መፍቻ ጋር ተስተካክሎለት ሲጀምር ቁጥሩ ወረደ።

ሳያቋርጡ የሚያሻቅብባቸውም አሉ። ያኔ ጂኑ ራሱ ተለውጦ መድኃኒቱን አላስጠጋ ብሎ ይሆናል። ለቲቢ የምናውቀው ጂንኤክስፐርት መሣሪያ በራሱ ካርትሪጅ የጂኑን መጠን ይለካል፤ ፊደሉን ግን አያነብም። ፊደል በፊደል የሚያነበው ሲኩዌንሲንግ ነው። ነባሩ የሳንገር ዘዴ ለውጡን የሚያየው ከ100 የጂን ቅጂዎች 15 ወይም 20 ያህሉ ሲይዙት ነው፤ አዲሱ ዘዴ ጥቂት ሲሆኑም ይደርስበታል። ቲ315አይ የሚባለው ለውጥ ከተገኘ ኢማቲኒብ፣ ኒሎቲኒብና ዳሳቲኒብ አይሠሩም፤ ፖናቲኒብን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። ሐኪሙ በግምት ከመሄድ የሚድነው በዚህ ንባብ ነው።

ወላጆች፣ አያቶች፣ ኪኒን ቆጣሪ ሁኑ። ተሽሎኛል ማለት ድኛለሁ ማለት አይደለም። የቀጠሮ ቀን አታሳልፉ፤ የምትወልድ ሴት ከሆነች ደግሞ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር። እኚያ እናት ዛሬ ማታ ማታ ልጃቸውን የሚጠይቁት «ዋጥክ ወይ?» እያሉ ነው።