ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል በኖድ ጄኤስ

ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ከፕሮግራሙ ኮድ ውጭ የሚቀመጥ፣ ስምና ዋጋ ያለው ቅንብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው 7ኛው የዩኒክስ እትም ጀምሮ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ሰርቨር ላይ የሚሠሩ የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሞችም የዳታቤዝ አድራሻቸውንና ምስጢራዊ ቁልፎቻቸውን የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ ፕሮግራም ለምሳሌ ይወሰድ። ባለሙያው ድሬዳዋ ተቀምጦ በላፕቶፑ ሲሠራ ዳታቤዙም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ክፍያውን የሚሞክረው ቻፓ በተባለው የክፍያ አገልግሎት የሙከራ ቁልፍ ስለሆነ እውነተኛ ብር አይንቀሳቀስም። ሽያጭ ሲጀመር ግን አድራሻውም ቁልፉም ይለወጣል። ሁለቱ ኮዱ ውስጥ ቢጻፉ በተለወጡ ቁጥር ኮዱን መነካካት ግድ ይሆናል፤ ይባስ ብሎም ኮዱ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ሲጫን ቁልፉ አብሮ ይወጣል።

ስለዚህ ቅንብሮቹ ዶት ኢንቭ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣሉ፤ «ፖርት=3000» እንደሚለው በየመስመሩ አንድ ስምና ዋጋ ይሰፍራል። ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ የሚያስኬደው ኖድ ጄኤስ ለብዙ ዓመታት ይህን ፋይል በራሱ ማንበብ ስለማይችል ሥራው ተመሳሳይ ስም ባለው ፓኬጅ ይከናወን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው እትም 20.6 ግን ፋይሉን ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚጭን የራሱ አማራጭ ይዞ መጣ። በየትኛውም መንገድ ቢጫኑ ዋጋዎቹ ኮዱ ውስጥ የሚገኙት ፕሮሰስ ዶት ኢንቭ በሚባለው ኦብጀክት ውስጥ ነው።

በፓኬጁ ለሚጠቀም ሰው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ዳታቤዙን የሚከፍተው ክፍል ፋይሉ ሳይጫን ከተነሳ አድራሻውን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል፤ ስለዚህ የመጫኛው መስመር ከሁሉ በፊት ይጻፋል። ሰርቨሩ ላይ አስቀድሞ የተሰጠ ዋጋ ካለ ደግሞ በተለመደው አሠራር ፋይሉ አይሽረውም።

ሌላው ጥንቃቄ የዋጋው ዓይነት ነው። የሚነበበው ሁሉ ጽሑፍ ነው። የሙከራ ክፍያን ለማጥፋት «ፎልስ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጃቫስክሪፕት ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ እንደ እውነት ስለሚቆጥር ሙከራው እንደበራ ይቀራል። ቃሉን ከቃል ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

የሰዓት ክልልም በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይወሰናል። ብዙ ሰርቨሮች የሚከተሉት ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደኋላ የቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ቲዜድ የተባለው ቫሪያብል «አፍሪካ/አዲስ አበባ» ካልተባለ፣ ፕሮግራሙ በአካባቢው ሰዓት ቀኑን ሲጽፍ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተቆረጠ ትኬት የትናንት ቀን ይይዛል።

ዶት ኢንቭ ፋይል ጊትሃብ ላይ አይጫንም፤ የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ጊት እንዲያልፈው ጊትኢግኖር በሚባል ፋይል ውስጥ ይመዘገባል። ለሥራ ባልደረቦች ስሞቹን ብቻ የያዘ የናሙና ፋይል ይሰጣል። ቁልፉ አንዴ ከወጣ ፋይሉን መሰረዝ አይበቃም፤ የቀድሞው ቅጂ በጊት ታሪክ ውስጥ ስለሚኖር ቁልፉ ራሱ መቀየር አለበት። በመጨረሻም ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚያስፈልጉት ዋጋዎች መኖራቸውን አጣርቶ፣ የጎደለ ካለ ስሙን ጠርቶ ቢቆም ስህተቱ ደንበኛ ዘንድ ሳይደርስ ይታረማል።