ገንዘብ የማይቆጠርበት የባንክ አዳራሽ

በርሊን መሀል፣ ከብራንደንቡርግ በር ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው ጎዳና ኡንተር ደን ሊንደን ይባላል። በዚህ ጎዳና ላይ፣ በ1920 በተሠራ የዶይቼ ባንክ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከ1997 ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ከብድርና ከቁጠባ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ሰው ሲገባና ሲወጣ ኖሯል (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የሚመጣው ሥዕል ሊያይ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት መግቢያው 4 ዩሮ ነበር። ሰኞ ሰኞ ግን በነፃ ነበር፤ ያውም ሰኞ ብዙዎቹ ሙዚየሞች በራቸውን የሚዘጉበት ቀን።

ቦታው ዶይቼ ጉገንሃይም ይባል ነበር። ባንኩና የኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም በሽርክና ያቋቋሙት ነው። ባንኩ ቤቱንና ገንዘቡን ያቀርባል፤ ጉገንሃይም ደግሞ ባለሙያዎቹን፣ ስብስቡንና ከሁሉ በላይ ስሙን። ጊዜው ጉገንሃይም ከኒውዮርክ ወጥቶ በየአገሩ ቅርንጫፍ የሚተክልበት ነበር፤ ስፔን ቢልባኦ ላይ ያለው ዝነኛ ሙዚየምም የተከፈተው በዚያው በ1997 ነው። የበርሊኑ ከቢልባኦው ጋር ሲተያይ ጓዳ ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ሪቻርድ ግላክማን የነደፈው አዳራሽ ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ወርዱ 8፣ ከፍታው 6 ሜትር ነበር። ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም። በዓመት ሦስት ወይም አራት ዐውደ ርእይ ይስተናገድበት ነበር።

የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ ፈረንሳዊው ሮቤር ደሎኔ ፓሪስን የሣለባቸው ሥራዎች ነበሩ። አንድ ባንክ እንዲህ ባለ ሥራ ቢጀምር የሚገርመው የለም፤ ደሎኔ ከሞተ ቆይቷል፣ ዋጋውም ታውቋል። ቀጥሎ የመጣው ግን አንድ መልክ የለውም። በ2000 ፎቶግራፍ አንሺው ሂሮሺ ሱጊሞቶ የሰም ምስሎችን ልክ በሕይወት እንዳሉ ሰዎች አድርጎ ያነሣቸውን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች አቀረበ። በ2002 የቪዲዮ አርቲስቱ ቢል ቫዮላ አዳራሹን አጨልሞ ግድግዳዎቹን በቪዲዮ ሞላቸው። በዚያው ዓመት ሠዓሊው ጌርሃርድ ሪሽተር ስምንት ግዙፍ ግራጫ መስታወቶች አቁሞ፣ ሥዕል ፍለጋ የገባውን ሰው ከራሱ ምስል ጋር አፋጠጠው። ይህ ሁሉ የተለያየ ሥራ አንድ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ሊፈራረቅ የቻለው ሽርክናው ዝግጁ ሥዕል ተውሶ በመስቀል ብቻ ስላልተወሰነ ነው። ባንኩ ከጉገንሃይም ጋር እየተማከረ፣ ለዚያው አዳራሽ ተብሎ የሚሠራ አዲስ ሥራ በየጊዜው ያዝዝ ነበር። በኔ ግምት የቦታው ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው።

በትእዛዝ ከተሠሩት ውስጥ ሁለቱን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በ2006 ቻይናዊው ፃይ ጉኦቺያንግ 99 ተኩላዎች ይዞ መጣ። ቁመታቸው የእውነተኛ ተኩላ ያህል ነው። ከአዳራሹ አንድ ጫፍ በመንጋ ይነሡና በምድር ይሮጣሉ፤ ከዚያ እየተከታተሉ ወደ አየር ይዘላሉ፣ ጎብጠው ይወነጨፋሉ፣ መጨረሻ ላይ ከመስታወት ግድግዳ ጋር ይላተማሉ። የወደቁት ተነስተው፣ ዞረው ወደ ኋላ ይመለሳሉ፤ እንደገና ሊላተሙ። ጠጋ ብሎ ላየ ግን የተኩላ ቆዳ የሚባል የለም፦ ቀለም የተቀባ የበግ ቆዳ፣ ውስጡ ድርቆሽና ሽቦ። ወንጌሉ የበግ ለምድ ስለለበሱ ተኩላዎች ያስጠነቅቃል፤ እዚህ ነገሩ ቃል በቃል ሆኖ ይገኛል፣ አርቲስቱ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት። የመስታወቱ ከፍታ የተለካው በበርሊን ግንብ ልክ ነው። ኡንተር ደን ሊንደን ደግሞ ግንቡ ሳይፈርስ በፊት በምሥራቁ ወገን የነበረ ጎዳና ነው፤ ለበርሊን ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቀራፂው አኒሽ ካፑር 24 ቶን የሚመዝን፣ ሆን ተብሎ ዝጎ የሚታይ የብረት አካል ነጩ አዳራሽ ውስጥ ሰነቀረበት። ሰነቀረ ማለት ይገባል፤ የብረቱ ሆድ ግድግዳውንና ጣሪያውን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ዙሪያውን መዞር አይቻልም። ተመልካቹ በአንድ በር ገብቶ አንድ ጎኑን ያያል፣ ይወጣል፣ በሌላ በኩል ዞሮ ሌላውን ጎን ያያል። በሦስተኛው ቦታ ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ጥቁር ነገር ያጋጥመዋል። ሥዕል ይመስላል፤ ሲቀርቡት የብረቱን ባዶ ሆድ የሚያሳይ ቀዳዳ ነው። ሙሉውን አንድ ጊዜ የሚያይበት ቦታ ፈጽሞ የለም፤ በየጎኑ ያየውን ራሱ በሐሳቡ መግጠም አለበት። የሥራው ስም «ትዝታ» መሆኑ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

እርግጥ ነው፣ ባንክ ሥዕል የሚያሳየው ለነፍሱ ብሎ አይደለም። ዶይቼ ባንክ መሰብሰብ የጀመረው ጋለሪው ከመከፈቱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ፍራንክፈርት ያሉት መንትያ ማማዎቹ በ1980ዎቹ ሲጠናቀቁ እያንዳንዱ ፎቅ በአንድ አርቲስት ሥራዎች እንዲሞላ ተደረገ፤ ሊፍቱ ውስጥ የገባ ሠራተኛ በየፎቁ ሌላ ሠዓሊ ይጠብቀዋል። አብዛኛው በወረቀት ላይ የተሠራ ንድፍ፣ ኅትመትና ፎቶግራፍ ነው። የሠራተኛን መንፈስ ያነቃል፣ ደንበኛን ያስደምማል፣ ስምን ያሳምራል። ይህን ሁሉ አውቆ «ታዲያ በባንክ ቤት የተሰቀለ ሥዕል እንዴት ይታመናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን «ሙዚየም ከሆነ ይታመናል» ሊሆን አይችልም። በ1971 ጀርመን ተወላጁ ሃንስ ሃካ በዚያው በኒውዮርኩ ጉገንሃይም ሊያቀርበው የነበረው ዐውደ ርእይ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ተሰረዘ። ምክንያቱ በማንሃተን የአከራይ ሕንፃዎች እነማን እጅ እንዳሉ ከሕዝብ መዝገብ እየለቀመ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ያቀረበው ሥራ ነው። ለሃካ ቆሞ የተከራከረው የሙዚየሙ ኪውሬተርም ከሥራው ተባረረ። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ማን ነው ከሚለው ይልቅ ሁለት ነገር ቢጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ፦ አርቲስቱ የፈለገውን ሠርቷል ወይ? መንገደኛውስ ይገባል ወይ?

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያለያይ ለማየት 2009 ላይ መቆም ነው። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ከከሰረ ገና ዓመት ያህል ሆኖታል፤ የባንክ ስም በየአገሩ ይረገማል። በዚያ ዓመት አንዲት ሠዓሊ ለሁለት ባንኮች ሁለት ሥራ አስረከበች። ጁሊ ምሕረቱ ናት፤ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዳ ሚሺጋን ያደገችው።

ለጎልድማን ሳክስ የሠራችው በማንሃተን ደቡባዊ ጫፍ ባለው ዋና መሥሪያ ቤቱ መግቢያ ላይ ነው። ርዝመቱ 24 ሜትር፣ ከፍታው 7 ሜትር ገደማ። ንግድ የተመላለሰባቸው መንገዶች፣ ካርታዎች፣ የገበያና የባንክ ሕንፃዎች ንድፍ ከሥር ተነባብረዋል፤ ደማቅ የቀለም ቅርጾች ከላያቸው ይከንፋሉ። አምስት ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈለበት፣ ከዚያ አብዛኛው ለሥራው ወጪና ለረዳቶቿ ደመወዝ እንደዋለ በወቅቱ ተዘግቧል። ሥዕሉ ከመንገድ ይታያል፣ ግን በመስኮት በኩል። በሩ የሠራተኛ ነው።

ለበርሊኑ አዳራሽ ያዘጋጀችው ደግሞ «ግሬይ ኤሪያ» የተባለውን ተከታታይ ሥራ ነበር፤ የተጠነሰሰውም እዚያው በርሊን ኖራ በሠራችበት ወቅት ነው። ከሸራዎቹ አንዱ «በርሊነር ፕሌትሰ» ይባላል፣ የበርሊን አደባባዮች እንደማለት። 3 ሜትር በ4 ሜትር ከሚያልፈው ሸራ ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ የሚታየው ጭጋግ ነው። ቀረብ ሲሉ ጭጋጉ መስመር ይሆናል፦ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ሕንፃዎች መስኮት፣ ዓምድ፣ ደረጃ፣ በቀጭን ቀለም አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ። ሌላው ሸራ ባግዳድ ውስጥ ከሳዳም ሁሴን ምሽግ በላይ የነበረውን፣ በቦምብ የፈራረሰውን ቤተ መንግሥት ያነሣል። «ቫነሸረ» በተባለው ላይ የሣለችውን መልሳ ፍቃዋለች፤ የተፋቀውም ቦታ የሥዕሉ አካል ሆኖ ቀርቷል። በርሊን ላይ ይህን ለማየት የባንኩ ባጅ አያስፈልግም ነበር። ሰኞ ቢመጡ 4 ዩሮውም ይቀራል። የጎልድማኑ ሥዕል በኔ ዓይን ከትላልቅ ሥራዎቿ አንዱ እንጂ ትንሽ አይደለም፤ ግን ሠዓሊዋ ያን ያህል የለፋችበትን የመስመር ጥቃቅን ከመንገድ ላይ በመስታወት አሻግሮ ማን ሊለየው?

በበርሊኑ አዳራሽ በቀጣዩ ዓመት ኬንያዊቷ ዋንጌቺ ሙቱ፣ ከዚያ የሞሮኮ ሥር ያላት ይቶ ባራዳ ቀረቡ። ሁለቱም ባንኩ በ2010 በጀመረው «የዓመቱ አርቲስት» ምርጫ ነው የመጡት።

የባንኩና የጉገንሃይም ውል በ2012 ሲያበቃ ሁለቱ ወገኖች አላደሱትም። የባንክ ጋለሪ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ፊርማ ይከፈታል፣ በአንድ ፊርማ ይዘጋል፣ የሰፈሩ ሰው አይጠየቅም። በርሊን ግን ዕድለኛ ሆነች። ባንኩ ያንኑ አዳራሽ በ2013 ጸደይ «ኩንስትሃለ» ብሎ በራሱ ስም ከፈተው። ለመክፈቻው በከተማዋ የሚኖር ማንም ሠዓሊ፣ የተማረም ያልተማረም፣ አንድ ሥራ ይዞ እንዲመጣና ለ24 ሰዓት እንዲሰቅል ጋበዘ። ሰልፉ በኡንተር ደን ሊንደን ተጥመለመለ፤ አዳራሹ ከመጣው ሰው ቁጥር አንጻር ኢምንት ሆነ።

በ2018 መስከረም ጋለሪው ከባንኩ ሕንፃ ጨርሶ ወጣ። እዚያው ጎዳና ላይ፣ የልዕልቶች ቤተ መንግሥት ይባል በነበረው ሕንፃ «ፓሌ ፖፑሌር» ሆኖ ተከፈተ። በመክፈቻው የተሰቀለው በወረቀት ላይ የተሠሩ 300 ያህል ሥራዎች ነበሩ፤ የባንኩ ስብስብ፣ ለዓመታት ሠራተኛና ደንበኛ ብቻ በየቢሮው ኮሪደር ሲያልፉ ያዩት ዓይነት።