ሲገጩት የሚለቅ የመንገድ ምልክት

የመንገድ ምልክት የሚተከለው የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ታፔላውን የተሸከመው ምሰሶ ራሱ ሰውን ሊገድል እንደሚችል ብዙዎቻችን አናስበውም።

እኔም ባለፈው ክረምት ከደሴ ወደ መካነ ሰላም ስመጣ ጉጉፍቱ ላይ መንገዱን ጉም ሸፍኖት ነበር። በዚያም አንዲት ሚኒባስ ከመንገድ ወጥታ ከታፔላ ምሰሶ ጋር ተጋጭታ አየሁ። ምሰሶው በሲሚንቶ የተተከለ ወፍራም ብረት ስለ ነበረ ንቅንቅ አላለም፤ የመኪናዋ ፊት ግን እስከ ሾፌሩ ጉልበት ድረስ ገብቶ ነበር። «ይህ ብረት ባይኖር እኮ እማሳው ውስጥ ገብታ ትቆም ነበር» ያሉትን የአንድ ሽማግሌ ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ምሰሶ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ተሠርቷል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ምሰሶው ለሁለት ይከፈላል፤ አጭሩ ጉማጅ ከመሬት ከ10 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ በሲሚንቶ ይተከላል፤ ረጅሙም ከላዩ ይቆማል። በመጋጠሚያቸው ላይ ሁለት የብረት ገበታዎች በብሎን ይታሰራሉ። የብሎኑ መግቢያ ግን ድፍን ክብ ቀዳዳ ሳይሆን አንድ ጫፉ ክፍት ነው። ነፋስ ሰሌዳውን ከላይ ስለሚገፋው ምሰሶውን ሊያጋድለው ይሞክራል፤ ብሎኖቹም እንዳይነቀል ይይዙታል። መኪና ግን ከታች ስለሚመታው ገበታውን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ብሎኖቹ ተንሸራተው ይወጣሉ፤ ምሰሶውም ይለቃል። በትልልቅ ታፔላዎች ደግሞ ከሰሌዳው በታች ማጠፊያ ስላለ ምሰሶው ወደ ላይ ይታጠፍና መኪናው ከሥሩ ያልፋል።

በፊዚክስ ስለ ሰበቃ የተማርነው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ብሎኑ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሰበቃው በዝቶ ገበታው አይንሸራተትም። ስለዚህ ሠራተኛው በመለኪያ ማሰር አለበት እንጂ «ይጥበቅ» ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ማሰር አይገባውም።

በእንጨትም ይሠራል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምሰሶ ከመሬት በላይ በ10 እና በ45 ሳንቲ ሜትር ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ቀዳዳ ይበሳበታል፤ መኪና ሲገጨውም በዚያው ይሰበራል። የእኛ ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ዓይነት እንጨት ስለ ሆነ አስቀድሞ ሊፈተን ይገባዋል።

ሆኖም በአገራችን መንገድ ዳር እግረኛ ይበዛል። በገበያ ቀን ሰውና አህያ በሚተራመስበት ቦታ የሚለቅ ምሰሶ በሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለሆነም እንዲህ ያለው ምሰሶ የሚስማማው መኪና በሚፈጥንበትና ሰው በማይበዛበት ሜዳ ላይ ነው፤ በከተማ ግን ዋናው መድኃኒት ፍጥነትን መቀነስ ነው።

ጉም ባለበት አገር ሾፌር መሳቱ አይቀርም። ስሕተቱ ሕይወቱን እንዳያስከፍለው ማድረግ ግን የመሐንዲስ ፈንታ ነው፤ እኔም ምሕንድስና ልማር የተመኘሁት ስለዚህ ነው።